ተራ ወረቀት

አባቴ ሌዳሞ ተራ አስከባሪ ነበረ፣
በአሮጌው መናኸሪያ በፉጨት የኖረ።
ከሸሚዙ ኪስ ውስጥ፣ አራቴ የታጠፈ፣
በላብ የወየበ፣ ጠርዙ የረገፈ
ወረቀት ነበረው፦
ዲላ፣ ሐመሶ።
ይርጋለም፣ ቡላዶ።
ወንዶ ገነት፣ ያ ባለ ሰማያዊው፣ ፍሬቻው የወለቀ።

ጎህ ሲቀድ ወረቀቱን ዘርግቶ
ስም ይጠራል ድንጋይ ላይ ወጥቶ፤
የተጠራው ይመጣል ሞተሩን አስነሥቶ፣
ያልተጠራው ይተኛል እግሩን በመስኮት አውጥቶ።
መኪናው አልተፈታ፣ መንገዱ አልተቀየረ፤
ወረቀቱ ብቻ ነው ያን ቀን የተናገረ።

እኔ ደግሞ ዛሬ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣
ሐይቁ ከማስታወቂያ ጀርባ በስንጥቅ በሚታይ
መስኮት ሥር ተቀምጬ፣
ትኬት በስልክ የሚሸጥ ድረ ገጽ እሠራለሁ።
ሦስት ክላሶች አሉኝ ለክፍያ።
አንዱ በባንክ ይቀበላል፣ አንዱ በስልክ ቁጥር፤
ሦስተኛው የሙከራ ነው፣
ለመጣው ሁሉ «ተከፍሏል» ይላል ሳንቲም ሳይቆጥር።
ከሦስቱ ማን እንደሚጭን ኮዱን ብትጠይቁት
«እኔ ምን አውቄ» ነው መልሱ።
ስሙ ያለው ሌላ ቦታ፣
አሥር መስመር በማትሞላ ፋይል ውስጥ ነው።
ሰርቨሩ ሲነሣ እሷን ይገልጣል፤
ስም ይጠራል፣ የተጠራው ይመጣል።

ይህን ዩኒቨርሲቲ ተማርኩ እላለሁ ለሰው።
ውሸቴን ነው።

የምንለያየው በፊደል ነው።
አባቴ ትምህርቱን ከአራተኛ ክፍል ነው ያቆመ፤
ሐመሶን አንድ ቀን በሀሌታው፣ አንድ ቀን በሐመሩ፣
ሲብስበት በብዙኃኑ እየጻፈ ከረመ።
ሐመሶ ግን መጣ። ሁልጊዜ መጣ።
ከተማው ራሱ፣
ሐዋሳ፣ ሀዋሳ፣ አዋሳ ተብሎ በየታፔላው ተጽፎ፣
አንድ መንገደኛ አላየሁም ወደ ሌላ አገር አልፎ።

ፋይሌ ይህን ምሕረት አታውቅም።
በፍቼ ዋዜማ፣ ሰው ሁሉ ወደ ቤተሰቡ ሲጣደፍ፣
እጄ ተሳስቶ ዘለለ አንዲት ፊደል ሲጽፍ።
«እንዲህ የሚባል ክላስ አላገኘሁም» አለ ሰርቨሩ፤
አርባ ደቂቃ ሙሉ መናኸሪያው ቀጥ አለ።
ክላሱ እዚያው አጠገቡ ነበር፣
ሞተሩ ደህና፣ ጎማው ደህና፣
እግሩን በመስኮት አውጥቶ ተኝቶ።

ትናንት ማታ አቶ ብርቅነህ መጥቶ ከጀርባዬ ቆመ።
ሻይ ይዟል። «አንዲት መስመር ናት» አለኝ።
የወንድሙ ልጅ የጻፈው ክላስ አለ፣
ከየትኬቱ ሁለት ሁለት ብር ቆንጥሮ የሚያስቀር።
«ኮዱን አትንኪው፣ እሱ ይመረመራል።
ፋይሏን ግን ማን ዞር ብሎ ያያታል?»

እውነቱን ነው። ማንም አያያትም።

ዘጠነኛ ክፍል ልመዘገብ በሆነ ጊዜ፣ አንድ ጧት
አባቴ የቡላዶን ስም ሰርዞ
በላዩ የሌላ ሰው ጻፈ። በመቶ ብር።
ቡላዶ ባዶውን ዋለ፣ እኔ ደብተር ገዛሁ።

ያን ወረቀት ያገኘሁት ከቀብሩ በኋላ ነው።
ከጀርባው በእርሳስ፦
«የቡላዶ አንድ ተራ እዳ አለብኝ። ለልጄ ነው።»
ከሥሩ፣ በሌላ እስክሪብቶ፦ «ከፈልኩ።»

ፋይሌም ጀርባ አላት።
ከመስመሩ ፊት ያችን የተጋደመች መሰላል የምትመስል ምልክት ካኖሩ፣
የሰው ጉዳይ ነው ብሎ ይዘላታል ሰርቨሩ።
የባንኩን ስም እንዳለ ተውኩት፣ ከበላዩ ይህን ጻፍኩ፦
«ግንቦት ሃያ ሁለት፣ ማታ። አቶ ብርቅነህ ይህን ስም ቀይሪ አለኝ፤
አልቀየርኩም። ነገ ሌላ ስም ካያችሁ
እጁ የእኔ አይደለም። ዳንቺሌ ሌዳሞ።»

ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት። አሞራዎቹ ጣራው ላይ።
ሰርቨሩ ተነሣ፣ ቃሌን ሳያይ ዘለለ፣
ስም ጠራ።
የተጠራው መጣ።